የአብዬ እንስራና የካሜሩን ቅጠል

በልጅነቴ መካነ ሰላም ላይ ትምባሆ የሚጠጣ ሰው አይታማም ነበር፤ ፊት ለፊት ይሰደባል እንጂ። የንስሐ አባታችን ቅጠሉ የበቀለው በአርዮስ መቃብር ላይ ነው ብለው አስተምረውናል። አርዮስ ማን እንደሆነ በቅጡ ሳላውቅ፣ መቃብሩ ላይ ምን እንደበቀለ ግን አውቅ ነበር። ሱረት የምትስብ አንዲት ባልቴት ከቅዳሴ በኋላ ሰላምታ ልትለዋወጥ ስትቀርብ ሴቶቹ ፊታቸውን መለስ ያደርጋሉ። ሲጋራ ደግሞ የሹፌር፣ የወታደርና ከደሴ ተመድቦ የሚመጣ አስተማሪ ነገር ነው። ኒያላውንና ግስላውን ከሱቅ በፍሬ ይገዙና ከአጥር ጥግ ቆመው ያጨሱታል። የአገሩ ልጅ የሆነ እንደሆነ ግን ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤት ይገባል።

ነገሩ የቄሶቹ ብቻ አልነበረም። አጼ ዮሐንስ አራተኛ ትምባሆን በብርቱ ቅጣት የከለከሉ ንጉሥ ናቸው። ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበ አፍንጫውን እንደሚቆረጥ በዘመኑ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል፤ የእኛም ሽማግሌዎች ያወሩታል። እሳቸው በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖቱን ጉባኤ ያስቀመጡበት ቦሩ ሜዳ ደግሞ ከደሴ አፍንጫ ስር ነው። ከዚያ ጉባኤ በኋላ በወሎ ሙስሊሞች ላይ የመጣው የግድ ጥምቀት ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ የሚያውቅ፣ የትምባሆው ክልከላ ከሁሉ ትንሹ ነገር እንደነበር ያውቃል። ቢሆንም ትንሹ ነገር ነው ረዥም ዕድሜ የኖረው። መቶ ዓመት ካለፈም በኋላ እናቴ «በዮሐንስ ዘመን ቢሆን ኖሮ» ስትል ሰምቻታለሁ።

ጎረቤታችን የነበሩት ሽማግሌ ግን ንጉሡንም ቄሱንም አይፈሩም። ንጉሡ ሞተዋል፤ ቄሱ ደግሞ የእሳቸው ቄስ አይደሉም። ሙስሊም ናቸው። ሼሆቹም ቢሆኑ ነገሩን እንደማይወዱላቸው እናውቃለን፤ ግን ለዕድሜ ብዙ ነገር ይታለፍለታል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «አብዬ» ነው የሚላቸው። ለመስቀል ከእኛ ቤት ድፎ ይሄድላቸዋል። ለዒድ ደግሞ እሳቸው ቤት አባቴ ሄዶ በራሱ እጅ የሚያርደው በግ ለብቻ ታስሮ ይጠብቃል። ወሎ ነውና ማንም እንደ ቁም ነገር አያወራውም።

አብዬ ከቤታቸው ጀርባ፣ ፍግ ከሚደፋበት ጥግ፣ ጥቂት የትምባሆ ግንዶች ነበሯቸው። የደጋ ውርጭ ስለማይምረው ክረምቱ እንደወጣ ቅጠል ቅጠሉን ቀድመው ይለቅሙታል። ደህናው ቅጠል የሚመጣላቸው ግን ከቆላው፣ ወደ አባይ ከሚወርደው አገር ነው፤ በአህያ ጭነት መሃል ተሸጉጦ። ቅጠሉን በግድግዳው በኩል ከጣሪያው ክዳን ስር፣ ጥላው ውስጥ ይሰቅሉታል። «ፀሐይ ካየው ይናደዳል» ይሉ ነበር። አረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ቡናማ ይሄዳል። ጨርሶ ሳይደርቅ ያወርዱትና ውሃ በአፋቸው ይዘው ፍፍ እያሉ ያርሱታል። ከዚያ አፈ ሰፊ እንስራ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ድንጋይ ጭነው፣ አፉን በእበት ይለስኑታል።

እኔ የምሄደው እሳት ልጫር በሚል ሰበብ ነው። እንስራው መጀመሪያ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ዓይን ያስለቅሳል፤ ሌሊቱን በቅሎ ያደረበት ጋጣ ሲከፈት የሚመጣው ዓይነት ነው። አብዬ አይደነግጡም። ከታች ያለውን ቅጠል ወደ ላይ፣ የላዩን ወደ ታች ያገላብጡና እጃቸውን መሃል ለመሃል ሰደው ሙቀቱን ይለካሉ። «ገና ነው፤ አልበሰለም» ብለው መልሰው ይለስኑታል። ከብዙ ቀን በኋላ እንደገና ሲከፈት ያ የሚቆጠቁጠው ጠፍቷል። በቦታው ማር ማር የሚል፣ ከስሩ ደግሞ እርጥብ ቆዳ ቆዳ የሚል ሽታ ይወጣል። ቅጠሉ ጠቁሯል፤ በጣት ሲነካ ያጣብቃል። ያኔ ጠፍጥፈው ያደርቁታል። ማታ ማታ ከጥፍጥፉ ቆርሰው የጋያው ሸክላ ላይ ያኖሩና ፍም ጣል ያደርጉበታል። ቅሉ ውስጥ ያለው ውሃ ሲንቦጫቦጭ ከእኛ ግቢ ይሰማል። እናቴ ነጠላዬን አሽትታ የት እንደዋልኩ ለማወቅ ጥያቄ አያስፈልጋትም ነበር።

እንግዲህ ይህን አፍንጫ ይዤ ነው አዲስ አበባ የገባሁት።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት «ጋሽ ኩባ» የምንለው ሰው ነበር። በ1971 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ወላጆቻቸውን ካጡት ልጆች ጋር በመርከብ ሄዶ እዚያው ያደገ ነው። ወደ ሁለት ሺህ አራት መቶ የሚሆኑ ልጆች የወጣቶች ደሴት በምትባለው የኩባ ደሴት ላይ እንዲማሩ ሲደረግ አንደኛው ትምህርት ቤት በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ ሌላኛው በካራማራ ስም ይጠራ ነበር። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የግሬፕፍሩት እርሻ። የእኛ ሰው ከዚያ ተሻግሮ እርሻ ያጠናው ፒናር ዴል ሪዮ ነው፤ ከምዕራብ ኩባ፣ የዓለም ምርጥ የሲጋር ቅጠል የሚበቅልበት አገር። ስፓኒሽ ሲናገር ፊቱ ሌላ ይሆናል። በጥቁር አንበሳ በኩል ስናልፍ በትግላችን ሐውልት ላይ ያሉትን የኩባ ወታደሮች ምስሎች አንድ በአንድ እያየ ነው የሚያልፈው፤ ወሬ ያቋርጣል።

አንድ የፋሲካ ማግስት ቤቱ ጠርቶኝ ከዶሮው በኋላ አንዲት ቡናማ ነገር ሰጠኝ፤ ሞንቴክሪስቶ ቁጥር 4። ርዝመቷ 129 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ ከአመልካች ጣት የማይበልጥ። «ሳንባህን አታስቸግረው፤ አፍህ ይበቃል» አለኝ። ጫፏን በምላጭ ቆረጠልኝ። ክብሪቱን ጭሮ ድኙ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ እሳቱን ሳያስነካ ከራቅ አድርጎ እግሯን አሞቀ። ያን ሁሉ ሥርዓት ሳይ የትምባሆ ነገር መሆኑን ረሳሁ።

የሳብኩት ጢስ አፌ ውስጥ ሲገባ ግን አወቅሁት። እንስራው ነበር። «ይሄ ቅጠል ታምቋል» አልኩት። ጋሽ ኩባ ከወንበሩ ተነሣ። ያን ቀን ነው ስለ አብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ያወራሁት። እሱም በበኩሉ እስኪመሽ አስተማረኝ። የኩባ ገበሬ ቅጠሉን በጎጆ ውስጥ በጥላ ካደረቀ በኋላ እየቆለለ ያብላላዋል። ክምሩን «ቡሮ» ይሉታል። ክምሩ በራሱ ጊዜ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ካለፈ ቅጠሉ ይቃጠላልና አፍርሰው፣ የውስጡን ወደ ውጭ አድርገው መልሰው ይከምሩታል። መጀመሪያ የሚወጣው ዓይን የሚያስለቅስ ነገር አሞኒያ ነው። እሱ ካልወጣ ሲጋሩ መራራና ጉሮሮ የሚቧጥጥ ይሆናል። ኮሂባ ለሚባለው ስመ ጥር ሲጋር ደግሞ ከቅጠሎቹ ሁለቱን ዓይነት በበርሜል ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ያብላሏቸዋል። ሰው ለሲጋር ያን ያህል ብር የሚከፍለው በዋናነት ለዚህ ነው፤ ለጊዜ። የሚጠቀለለው በደቂቃዎች ነው፤ የሚበስለው በዓመታት።

ውስጡን ደግሞ አንዷን በምላጭ ሰንጥቆ አሳየኝ። እንጀራ ሲጠቀለል እንደምናደርገው አንድ ወጥ አይደለም። ከተክሉ ጫፍ የሚለቀመው ወፍራም ቅጠል፣ ሊሄሮ የሚሉት፣ ጉልበቱን ይሰጣል፤ የመሃሉ ሴኮ መዓዛውን፤ የታችኛው ቮላዶ እሳቱን ይይዛል። እነዚህን የሚያቅፍ ሌላ ቅጠል አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለውበቱ የተመረጠ፣ ፀሐይ እንዳያከረው ከላዩ ስስ ጨርቅ ተዘርግቶለት ያደገ መጠቅለያ። አብዬ «ፀሐይ ካየው ይናደዳል» ያሉት ፒናር ዴል ሪዮ ላይ በስንት ሄክታር ጨርቅ ተፈጽሟል ማለት ነው።

ከሰማሁት ሁሉ ግን የወደድኩት ስለ አንባቢው ነው። በኩባ የሲጋር ፋብሪካዎች ከ1865 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጠቅላዮቹ ሲሠሩ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያነብላቸው ሰው አለ፤ ጠዋት ጋዜጣ፣ ከዚያ ልብ ወለድ። ሞንቴክሪስቶ ስሙን ያገኘውም ጠቅላዮቹ ደጋግመው ካስነበቡት ከአሌክሳንደር ዱማ መጽሐፍ ነው። የእኛ አገር ሸማኔዎች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ስንት መጽሐፍ ይነበብ ነበር እላለሁ፤ ግን ይህ ከነገራችን ወጣ ይላል።

በእኛ አገር የትምባሆው መንገድ ሌላ ነው። በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት ሞኖፖል ከተቋቋመ ወዲህ የሸዋ ሮቢትና የብላቴ ቅጠል ተከትፎ ወረቀት ውስጥ ነው የሚገባው። አንድ የጃፓን ኩባንያ በ2008 ዓ.ም. የድርጅቱን አርባ በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ ገንዘቡን ሰምቶ ያልተገረመ አልነበረም። እኔ የገረመኝ ግን ያ ሁሉ ብር የወጣው ሰው በሦስት ደቂቃ አጭሶ ለሚጥለው ነገር መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ለሥራ ወጣ ባልኩ ቁጥር አንዳንድ እየቀመስኩ መጣሁ። ፓርታጋስ ሴሪ ዲ ቁጥር 4 ለረዥም ጊዜ የልቤ ነበረች፤ አጭርና ወፍራም፣ በርበሬዋ ከአፍንጫ የማይጠፋ። በባዶ ሆድ ከሞከሯት ግን ታዞራለች፤ ከክትፎ በኋላ ነው መልኳን የምታሳየው። አንድ ጊዜ ደግሞ ስሙን የማልጠራው፣ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት ቀበቶ ያለው ሲጋር በስጦታ ደርሶኛል። ዋጋውን ሳውቅ ለሁለት ቀን ሳልነካው አስቀመጥኩት። ስለኩሰው በአንድ ጎኑ ብቻ እየነደደ፣ ስስበው አየር እምቢ እያለ፣ ግማሹ ላይ ሳይደርስ ጠፋ። ዋጋና ጣዕም በአንድ ቀንበር አይጠመዱም ማለት ነው።

አዲሱ ወዳጄ የመጣው ከማላስበው አቅጣጫ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖር የእህቴ ልጅ ለገና ሲመጣ ትንሽ ሳጥን ይዞልኝ መጣ። አሜሪካ ውስጥ የኩባ ሲጋር ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማዕቀብ የተከለከለ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ አዋጁን ከመፈረማቸው በፊት በነበረው ምሽት ጸሐፊያቸውን ልከው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ፍሬ የኩባ ሲጋር እንዳስገዙ ጸሐፊው ራሱ በኋላ ተርኮታል። የእህቴ ልጅ ግን ኬኔዲ አይደለምና ያመጣልኝ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተጠቀለለ ነው፤ አርቱሮ ፉየንቴ፣ ሄሚንግዌይ ከሚባለው ተርታ ትንሿ፣ ሾርት ስቶሪ። ተርታው ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ነው። ጋሽ ኩባ ሳጥኑን ሲያይ ከንፈሩን ጣለ። የኩባ ያልሆነ ሲጋር ለእሱ የተልባ ወጥ ነው።

እኔ ግን መጀመሪያ በጣቴ ወደድኳት። ርዝመቷ አስር ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጫፏ ቀጠን፣ ሆዷ ወፈር ያለ። መጠቅለያዋ ከካሜሩን ምድር የተገኘ ቅጠል ነው፤ ዘሩ ከሱማትራ መጥቶ በመካከለኛው አፍሪካ የለመደ። ሳይለኮስ በጣት ሲዳሰስ ለስላሳ አይደለም፤ ጥቃቅን እብጠቶች አሉት፣ ቅባቱ የሚቋጠርባቸው። ለኩሰው አመዱን ሲያዩት እነዚያ እብጠቶች በግራጫው ላይ ነጭ ነጭ ነጥብ ሆነው ይቀራሉ። ይህን ካየሁ በኋላ አመድ ማየት ልማዴ ሆኗል።

እግሯ ቀጭን ስለሆነ መጀመሪያ የሚነደው መጠቅለያው ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የካሜሩኑን ቅጠል ለብቻው ይቀምሱታል። ቃሪያ የሚመስል ስስ መጎምዘዝ አፍንጫ ላይ መጥቶ ይሄዳል። እሳቱ ወደ ሰፊው ሆዷ ሲደርስ የውስጡ ቅጠል ይቀላቀልና ጢሱ ይወፍራል። የገብስ ቆሎ፣ የዝግባ እንጨት፣ ከዚያ አብዬ እንስራቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ሲከፍቱ የነበረው ጣፋጭ ነገር። ሞንቴክሪስቶዋ ይህን ጣዕም ታሳያለች እንጂ አታቆየውም፤ ይህች ለአንድ ሃያ ደቂቃ ያህል አጥብቃ ትይዘዋለች። እንከን የላትም አልልም። ወደ መጨረሻው ትሞቃለች፤ ችኩል ሰው ከሳባት ትመራለች። ጨዋታ በደራበት ሰዓት ደግሞ ታልቃለች። ግን የአርባ ደቂቃ ነገር መሆኗ ለእኔ ዕድሜ የሚመጥን ነው። ረዣዥሞቹን ስጨርስ ጨዋታውን ትቼ ሲጋሩን ሳገለግል ነበር የማመሸው።

ጥር ላይ ጥቂቶቹን ይዤ አገር ቤት ሄድኩ። ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ ሲያልፉ ነፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ ሲጋርማ ከስድሳ አምስት እስከ ሰባ በመቶ እርጥበት የሚፈልግ ፍጥረት ነው። በውሃ የራሰ የጥጥ ጉዝጓዝ ከስር አድርጌ፣ ከላዩ ጨርቅ ለይቼ፣ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ነው የያዝኳቸው። ደንቆሮ ጫካ ጭላዳውን ላሳይ ብሎ የወሰደኝ ዘመዴ እዚያ እንድለኩስ ቢፈቅድም እኔ አልፈቀድኩም። አስታው በበጋ ደርቆ ክብሪት ነው የሚጠብቀው፤ ቀይ ቀበሮ የሚኖርበትን ተራራ ለአንዲት ሲጋር አላስይዝም።

የለኮስኩት አመሻሹ ላይ ዘመዶቼ ግቢ ነው። አክስቴ «አንተ ልጅ፣ እንዲህ ሸምግለህ ደግሞ ምን ጉድ ይዘህ መጣህ?» አለች። ወንበሯን ግን ወደ ጢሱ በኩል ነው ያዞረችው። የአብዬ ታናሽ ልጅ፣ አሁን ሐጂ የተባሉ ጎልማሳ፣ ቡና ጠጡ ተብለው አጥር ዘልቀው መጡ። እሳቸው ትምባሆ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ያልተለኮሰችውን ተቀብለው አሸተቷት፣ በጥፍራቸው ጫፍ ቅጠሏን ገለጥ አድርገው አዩ፣ መልሰው አሸተቱ። ከዚያ ጢሱን ሲያዩ ግንባራቸው ተቋጠረ። «ውሃ አያልፍም እንዴ?» አሉ። አያልፍም አልኳቸው። «ምነው! ይህን የመሰለ ቅጠል በደረቁ? አባቴ ቢያዩ ይቆጡህ ነበር።»

የጤናው ነገር እንደማይታለፍ አውቃለሁ። ጢሱ ሳንባ ውስጥ ባይወርድም ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር መንገድ ይከፍታል፤ ሐኪሜ በየጊዜው ያነሣብኛል። ፊደል ካስትሮ ራሱ በ1985 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ማጨስ እንዲቀንስ ምሳሌ ልሁን ብሎ ተወው። ጋሽ ኩባ ያኔ ተማሪ ነበር፤ መምህሮቻቸው ሁለት ሳምንት እንደ ሐዘንተኛ ሰነበቱ ይላል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ሆቴልና ካፌ ውስጥ ማጨስ ቀርቷል፤ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥም እንዲሁ። ደግ ተደርጓል። ሲጋር የበዓል ነገር መሆን አለበት፤ በዓልም በየቀኑ አይውልም።

ከአገር ቤት ስመለስ ከሾርት ስቶሪዋ ጥቂት ቀርተው ነበር። ጋሽ ኩባን ጠርቼ ቀበቶዋን አውልቄ፣ ስሟን ሳልነግረው ሰጠሁት። መጀመሪያ ዝም አለ። ሆዷ ላይ ሲደርስ አመዱን አየ፤ እኔን አየ።

«ይቺ የኩባ አይደለችም» አለ።

«አይደለችም።»

«የፉየንቴ ቤተሰብ መነሻው ኩባ መሆኑን ታውቃለህ አይደል? አያትየው የወጣው ከኩባ ነው።»

«መጠቅለያው ግን የካሜሩን ነው፤ አፍሪካዊ።»

«መጠቅለያ ልብስ ነው፤ ሰውዬው ውስጥ ያለው ነው» ብሎ ትንሽ ሳበና «ለማንኛውም ሳጥኑን ወዲህ በለው፤ በአንዷ ፍርድ አይሰጥም» አለኝ።